የአባ ፎጊን መስፍ እንዴት እንዳሳመርኩት

በሕይወቴ ብዙ ነገር ጠግኛለሁ። እስካሁን የተጠገነ ግን የለም። የእናቴን ሬዲዮ ጠግኜ ለዘላለም ዝም አሰኝቼዋለሁ። የጎረቤታችንን ቧንቧ ጠግኜ ሰፈሩን በጠቅላላ አስጠምቻለሁ። አስረኛ ክፍል ሆኜ የትምህርት ቤቱን ደወል ልጠግን ወጣሁ፤ ደወሉ ወረደ፣ እኔም ወረድኩ፣ ትምህርቴም እዚያው ወርዶ ቀረ። ስለዚህ «የአባ ፎጊን መስፍ ያለ ልምድ ነካው» እያለ የሚያስወራብኝ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። ልምድማ ነበረኝ!

መስፍ ምን እንደሆነ ለማታውቁ (ምን ታደርጉ፣ ቢሮ ነው የምትውሉት) ብረት ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት አስተኝቶ በመዶሻ የሚወግርበት ወፍራም ብረት ነው። የአባ ፎጊ መስፍ ክብደቱ ከአንድ ኩንታል ቡና ብዙም አያንስም። ጣልያን ጥሎት የሄደ ነው ይላሉ። ጅማ ውስጥ ያረጀ ነገር ሁሉ ጣልያን ጥሎት የሄደ ነው። እኛ ሰፈር አንድ በቅሎ አለ፣ እሱን ራሱ ጣልያን ጥሎት ሄደ የሚሉ አሉ።

ታዲያ ይሄ መስፍ ፊቱ መሃል ላይ እንደ አሮጌ ፍራሽ ሰርጉዷል። አንዱ ጥጉ ተሸርፏል። በጎኑ ደግሞ አውራ ጣት የምታስገባ ሰንበር አለችው። እኔ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እንዴት ሰው በዚህ ላይ ማጭድ ይሠራል?

ሱቃችን ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው። «ሱቃችን» የምለው እኔ ነኝ እንጂ የአባ ፎጊ ነው። እሳቸው ማጭድ፣ ገጀራና ዶማ ይሠራሉ፤ እኔ ወናፍ እነፋለሁ፣ ብረት አቀብላለሁ፣ ከሰል እጨምራለሁ። እዚህ ከመግባቴ በፊት ሦስት ጋራዥና አንድ ዳቦ ቤት አባረውኛል። የአባ ፎጊ በር ከተዘጋ የሚቀረኝ የእናቴ በር ነው። እሷ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ፣ ያውም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

በሩ ደግሞ ሊዘጋ ነበር። የአባ ፎጊ ልጅ እትዬ ራሂማ ሰኮሩ መንገድ ዳር ልብስ ቤት አላት። በየቀኑ እየደወለች «አባ፣ ይበቃዎታል፣ እኔ ጋ ይምጡ» ትላቸዋለች። እሳቸውም በየቀኑ «ሰኮሩ መጥቼ ምን ልሠራ? የሚያልፍ መኪና ልቁጠር?» ይሏታል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ይኖር ነበር፣ አንዲት ማጭድ ባታበላሸው። ከእኛ ሱቅ ሰኮሩ የሄደች ማጭድ ጠምማ ተገኘች። የገዛት ገበሬ ለራሂማ አሳያት። ራሂማ «አባቴ ደክመዋል» አለች። ማጭዷን የሠራኋት እኔ ነበርኩ፣ አባ ፎጊ ለሶላት ሲወጡ ተደብቄ። ይሄን ያኔ መናገሩ አልተመቸኝም።

ራሂማ የዘመድ ሰርግ አለ ብላ አባ ፎጊን ሰኞ ወደ ሰኮሩ ወሰደቻቸው። ለኔም በስልክ እንዲህ አለችኝ፦

«ስማ አንተ። ሐሙስ አባቴን ይዣቸው እመጣለሁ። እዚያው ቆሜ ሲሠሩ አያቸዋለሁ። ማጭዱ ማጭድ ከመሰለ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካልመሰለ ግን ቁልፉን እኔ ነኝ የምይዘው።»

«ይመስላል እትዬ ራሂማ! ማጭድ ነው የሚመስለው!»

«አንተን አልጠየቅኩም» ብላ ዘጋችው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነው ለማለት ይከብደኛል። የአባ ፎጊ አይደለም። ዘወር ስል ያ ሰርጓዳ መስፍ ተጎልቶ ያየኛል። አሃ! አልኩ፤ ወንጀለኛው ይሄውና።

ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ አለ፣ አሮጌ መስፍ የሚያድስ። ድምፁን አላዳመጥኩትም፤ የሱ እንግሊዝኛ ለኔ በአፍንጫ የሚወጣ ነፋስ ነው። ግን እጁን አየሁ። ያሞቀዋል፣ የጎደለውን በብየዳ ይሞላዋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲበርድ በርሜል ውስጥ አንድ ቡናማ ነገር ነስንሶ ይቀብረዋል፣ ከዚያ ሞርዶ ያበራዋል። ያ ቡናማ ነገር ምንድነው? እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። ቡናማ፣ ቀላል፣ በነፃ በርሜል የሚሞላ ነገር አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ የቡና ገለባ። መፈልፈያ ቤቱ በር ላይ ተራራ አክሎ ተቆልሏል። ፈረንጁ ከየት አመጣው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ቡናችንን የወሰዱ ሰዎች ገለባውን ይተዉልናል እንዴ? ብዬ በሆዴ ተናድጄ አለፍኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ጓደኛዬን ነዚፍን ከነባጃጁ ጠራሁት።

«ምንድነው የምንጭነው?»

«ትንሽ ብረት።»

ነዚፍ ገብቶ አየው። ተመልሶ ባጃጁን አየ። «ብሮ፣ ይሄ ትንሽ ከሆነ ትልቁ ምንድነው?»

ከሁለት ጎረምሶች ጋር ተሸክመን ከኋላ አስገባነው። የባጃጇ የፊት ጎማ ከመሬት ተነሳች። እንደ ተቆጣ ፈረስ! ነዚፍ «ውረዱልኝ!» ይላል፣ የወጣ ሰው ግን የለም፤ መስፉ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ እኔ ፊት ለፊት ከነዚፍ ጎን ተለጠፍኩ፤ ጎማዋ ቀስ ብላ መሬት ነካች። እንዲህ ሆነን ወደ አወቱ መንደራ ጉዞ ጀመርን። በያጁ ተካልኝ ያለው እዚያ ነው።

ሽቅብ ስንወጣ ደህና ነበርን። ቁልቁል ስንወርድ አንዲት ፍየል ገባች። ነዚፍ ፍሬን ያዘ። ባጃጇ ቆመች፤ ፍየሏ ቆመች፤ መስፉ አልቆመም። በጎን በኩል ሸራውን ቀዶ ወጣና ሁለቴ ተገላብጦ አዴ ነፊሳ የሚባሉ እናት መንገድ ዳር ያሰጡት ቡና መሃል ቁጭ አለ።

አዴ ነፊሳ ከደጃፋቸው ብድግ አሉ። «ያ ረቢ! ከሰማይ ነው?»

«አይ እማማ፣ ከባጃጅ ነው» አልኩ፤ እውነቱ ያረጋጋቸዋል ብዬ።

«ማል ጎቴ! ምን አደረግከኝ! ይሄን ቡና እኮ ገና ትናንት ነው ያሰጣሁት!»

«አልተጎዳም እማማ፤ ትንሽ ተበተነ እንጂ።»

«ተበተነ? ልቀመዋ!»

«በመጥረጊያ ብንሰበስበው አይሻልም?»

«ሰውን አፈር እንዳጠጣ ነው የምትፈልገው? በጣትህ! አንተም ባለ ባጃጁ፣ ና ተቀመጥ!»

ነዚፍ በሕይወቱ ቁርአን ቤት እንኳ እንደዚያ ዝም ብሎ ተቀምጦ አያውቅም። አንድ አንድ ፍሬ እየለቀምን ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች፣ ከአናታችን ወረደች። አዴ ነፊሳ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በዱላቸው ጫፍ ያሳዩናል፦ «እዚያ ጋ አንዷ ቀርታለች። እዚያም።» ስንጨርስ ግን ዳቦ አበሉን፤ ደግ ሴት ናቸው። መስፉንም ስንጭን «ቢስሚላህ» እያሉ በዱላቸው ገፉልን።

ተካልኝ በያጁ ዲፕሎማ አለው። ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ወደ ዲፕሎማው ያያል፣ ከዚያ ወደ ደንበኛው፣ ደንበኛው አይቶት እንደሆነ ለማወቅ። መስፉን በመዳፉ ዳሰሰውና «ባለቤቱ ያውቃል?» አለኝ።

«ሰርፕራይዝ ነው።»

«ይሄ ሰርጓዳ ነገር የሚያስፈልግ እንዳይሆን። ሰውየው ማጭድ ነው የሚሠራው አላልክም?»

«ተካልኝ፣ አንተን ዲፕሎማው ነው የሚያስፈራራህ። ፊት ለፊት የሚታይ ጉድጓድ ለምን ያስፈልጋል? ጉድጓድ ይሞላል፣ አለቀ!»

ትከሻውን ነቅንቆ ጥቁር መነጽሩን አደረገ። የብየዳ ኤሌክትሮዱን ነካ ሲያደርገው መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ «ኧ!» ብሎ ወደኛ ዞረ፤ እኛ ያጠፋነው መስሏቸው። መብራቱ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ከሰል አንድደን አሞቅነው፣ ተካልኝ ሞላው። ሰርጓዳውም፣ የተሸረፈው ጥግም፣ ሰንበሯም ሞሉ። እኔ በርሜሉን በገለባ ሞልቼ ጠበቅኩ፣ ገና እየጋለ ቀበርነው።

የቡና ገለባ ነበልባል የለውም። እሱ ነው ተንኮሉ። ዝም ብሎ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። መጀመሪያ ቀጭን ጭስ ወጣ። «እንፋሎት ነው» አልኩት ለተካልኝ። ከዚያ ወፍራም ሆነ። «ጥሩ ነው፣ እርጥበቱን እያወጣ ነው።» ከዚያ ተካልኝ አልታየኝም። ድምፁ ብቻ ከጭሱ ውስጥ «ዲፕሎማዬ! ዲፕሎማዬን አውጡልኝ!» ይላል።

ሰፈሩ እያሳለ ወጣ። አንዱ «ቤት ተቃጠለ!» ይላል፤ አንዱ «የማን ቤት?» ይላል፤ የታችኛው ሰፈር ሰው ደግሞ የራሱን ቤት ሊያይ ሽቅብ ይሮጣል። አንዲት ሴትዮ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ መጣች። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ብየዳ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ አለቀ፣ ይሰነጠቃል! በሰውነቴ ጋረድኩት። ውሃውን እኔ ጠጣሁት። «አበደ!» አለች፤ ባሏን ጠርታ ሁለተኛ ባልዲ አመጣችልኝ።

በርሜሉን ገልብጠን፣ ገለባውን በትነን፣ መስፉን አመድ ውስጥ አስቀመጥነው። ከሰዓት በኋላ ሲበርድ በመሞረጃ ማሽን ሞርደን ጨረስን። ነዚፍ ሁለተኛ አልጭንም ስላለ በእጅ ጋሪ ወደ ሱቃችን ገፋሁት። ማስቀመጫ ጉቶው ላይ ወጥቶ ሲቀመጥ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ጠረጴዛ በሉት! መስታወት በሉት! ጎንበስ ስል ጥርሴን አየሁበት። አብሬው ፎቶ ተነሳሁ። እናቴ ፎቶውን አይታ «ከማን ሰርቀህ ነው?» አለችኝ፤ እኛ ቤት አድናቆት እንዲህ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አባ ፎጊ በራሂማ ክንድ ተይዘው መጡ። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል። ሰላም አሉኝ፣ ገቡ፣ ሽርጣቸውን ከምስማሩ አወረዱ፣ መስፉ ፊት ቆሙ። እኔ እጄን ጨብጬ እጠብቃለሁ፤ አሁን ይጮኻሉ፣ አሁን ያቅፉኛል።

ምንም አላሉም። ያን የሚያበራ ነገር ፊታቸው አስቀምጬ ምንም! ሁለት ቀን ሙሉ ጭስ ስበላ፣ ቡና ስለቅም፣ አንዲት «ጎበዝ» እንኳ?

«ብረቱ ቀለሙ ምን መሰለ?» አሉ እንደ ወትሯቸው። በየቀኑ በየብረቱ ይሄንን ይጠይቁኛል። ገና እየፈተኑኝ ነው ብዬ በየቀኑ እናደዳለሁ።

«ብርቱካን» አልኩ ተኮሳትሬ።

በጉጠት አወጡት፣ መስፉ ላይ አስተኙት፣ መቱ። መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። ደግመው መቱ። የማጭዱ ሆድ ሊጎብጥ ሲገባው ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ማስመሪያ ሆነ። ሌላ ብረት አስገባን። ሁለተኛው ደግሞ ጥጉ ላይ አንገቱን ሊያጥፉ ሲሉ ተንሸራቶ ወደ ጎን ታጠፈ። ራሂማ ግድግዳው ጋ ቆማ ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ አንዱ ታዛውራለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ደስ አላላትም፣ እሱን አየሁ።

ያኔ የአባ ፎጊን ግራ እጅ አየሁት። አውራ ጣታቸው የመስፉን ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጥጉ የት ሄደ?» አሉኝ።

«ሞላሁት እኮ አባ ፎጊ።»

«ሰርጓዳውስ?»

«እሱንም። አያዩትም እንዴ? ያበራል እኮ!»

ከሰል የጠጣ እጄን ፊታቸው ላይ አውለበለብኩት። ቅንድባቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ፈተና አልነበረም! ሰውየው ቀለሙን በኔ ዓይን ነው ሲያዩ የኖሩት። ሆዱን በሰርጓዳዋ፣ አንገቱን በሽራፊዋ፣ ልኩን በሰንበሯ እየዳሰሱ ነው ማጭድ ሲሠሩ የነበረው። እኔ ደግሞ ዓይናቸውን በኤሌክትሮድ ደፈንኩት። ያውም አብርቼው!

ሦስተኛውን ብረት ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ጮህኩ፦ «አቁሙ! ማንም እንዳይነካው!»

ራሂማ ደነገጠች። «ምን ሆነ?»

«ብየዳው አልበረደም! ዛሬ ከተመታ ይፈነዳል!»

«ብረት ይፈነዳል እንዴ?»

«ዘመናዊ ብየዳ ነው እትዬ ራሂማ። ነገ ጠዋት ነው የሚሠራበት።»

ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። መስፉን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አባቷን አየቻቸው። «ነገ ጠዋት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን የለኝም» ብላ አክስቷ ቤት ሄደች።

ተካልኝን ከነማሽኑ ጠራሁት። ከጎረቤት ልብስ ሰፊ የመብራት ገመድ ሳብን። እኔ መሞረጃውን ስይዝ አባ ፎጊ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን መስፉ ላይ አሳረፉ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው፤ ንዴትና ለቅሶ ተቀላቅሎብኝ።

«ለአንተ? ለአንተ የነገሩትን ምሳ ሰዓት ነዚፍ ይሰማዋል፣ ከሰዓት አጋሮ ይደርሳል። ዓይኑ የማያይ ሰው ጋ ማን ገጀራ ያሠራል? ልጄስ እዚህ አንድ ቀን ታሳድረኛለች?»

«ምንም አያዩም?»

«ጥላ አያለሁ። የአንተን ጥላ አያለሁ፣ ወላሂ ብዙ ይንቀሳቀሳል።»

ከዚያ እየዳሰሱ ያዝዙኛል፦ «እዚህ ጋ ወደ ውስጥ። አይ፣ በዛ። ማሎ፣ እባክህ ቀስ በል። እዚህ ጥጉን ሽረፋት፣ እንደ ፍየል ከንፈር አድርጋት።» እኔ የፍየል ከንፈር ተመልክቼ አላውቅም፤ ያቺ መንገድ ላይ የገባችው ፍየል ብቻ ናት ትዝ ያለችኝ፣ እሷንም ከጎን ነው ያየኋት። ሁለት ቀን ሙሉ የደከምኩበትን በግማሽ ቀን ቆፈርኩት። መስታወቴ ተቦደሰ። ተካልኝ እጁን አጣምሮ «ነግሬህ ነበር» ሊል ሲል፣ ዓይኔን አይቶ ተወው።

አርብ ጠዋት ራሂማ መጣች፤ በሩ አጠገብ ቆመች። የሰኮሩ መኪና እንዳያመልጣት ሁለት ሻንጣ ይዛለች። አንደኛው ሻንጣ ባዶ ነበር፤ የአባቷን ልብስ ልትከትበት። ባዶ ሻንጣ እንዲህ የሚያስፈራ አይመስለኝም ነበር።

ወናፉን ነፋሁ። ከጭንቀቴ የማወራውን አላውቅም። «ቀይ ነው አባ ፎጊ፣ አሁን ብርቱካን ሆነ፣ ያውጡት፣ ያ ነዚፍ ደግሞ ስለ ሸራው አኩርፎኛል፣ ምን ያኮርፋል፣ ሸራ ነው እንጂ ልጁ አይደል፣ አዴ ነፊሳ እንኳ...» እያልኩ እለፈልፋለሁ። አባ ፎጊ ብረቱን አስተኙ። መቱ። አዞሩ፣ መቱ። አልፎ አልፎ መዶሻው ሊስት ሲመስለኝ ወሬዬን አቋርጣለሁ፤ እሳቸው ግን ብረቱን ነቅነቅ አድርገው ይቀጥላሉ። ሆዱ ጎበጠ። አንገቱ ታጠፈ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭሽሽ አለና ወጣ፤ ማጭድ! ጠበቃ ያልቆመለት፣ ራሱን የቻለ ማጭድ!

ራሂማ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። በር ላይ የበቀለውን ሣር ጎንበስ ብላ አጨደችበት። ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ቀና ስትል አፍንጫዋን ጠረገች።

«እሺ። ይቆዩ አባ» አለች። ወደ እኔ ዞረች፦ «አንተ ግን ሌላ ምንም ነገር እንዳትጠግን።»

ባዶ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ወረደች።

እኔ ደረቴን ነፋሁ። አባ ፎጊ ቀጣዩን ብረት መቀጥቀጥ ጀምረዋል። «አዩ አይደል አባ ፎጊ? ሰርጓዳዋን እንዴት አድርጌ እንደመለስኳት! ሽራፊዋንስ!»

«አልመለስካትም» አሉ፣ እየመቱ። «ሁለት ጣት ወደ ግራ ሄደሃል። ጥጉም የፍየል ከንፈር አይደለም። የምን ከንፈር እንደሆነ አላህ ይወቀው።»

«ታዲያ ማጭዱን በምን ሠሩት?»

«በአንተ ወሬ። ስታወራ ደህና ነኝ ብዬ እመታለሁ። ልሳሳት ስል ድንገት ዝም ትላለህ። ያኔ ብረቱን አዞረዋለሁ። ትቀጥላለህ፤ እቀጥላለሁ። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እስከዛሬ እኮ እንዲሁ ነበርን፤ መስፉ ግማሹ ነው።»

እናቴ «ዝም በል» ብላኛለች። አስተማሪዎቼ ሁሉ ብለውኛል። ሦስቱም ጋራዦች፣ ዳቦ ቤቱም፣ ሁሉም ያባረሩኝ በዚሁ አፌ ነው። አፍህ ሥራ ይሠራል ያለኝ ሰው ግን አልገጠመኝም። ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። አንዲት ቃል እንኳ አልወጣችልኝም።

አባ ፎጊ መዶሻቸውን አየር ላይ አቆሙት። ብረቱን በጉጠት ወዲያ ወዲህ አሉት፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

«ማል ታኤ?» አሉ ደንገጥ ብለው። «ምን ሆነ? የቱ ጋ ሳትኩ?»